የውሃ ዑደትና የእኛ ግዴታ

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፤ ሐረር

አበው «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ይላሉ። ምሳሌው የተነገረው ያለፈ ነገር እንደማይመለስ ለማስተማር ስለ ሆነ በዚህ ማንም አይከራከርም። ዳሩ ግን የጂኦግራፊ መምህራችን ስለ ውሃ ዑደት ባስተማሩን ጊዜ፣ የፈሰሰውን ውሃ የምታፍስ አንዲት ብርቱ ሠራተኛ መኖሯን ተረዳሁ፤ እርሷም ፀሐይ ናት። በየቀኑ ከባሕር፣ ከሐይቅ፣ ከወንዝ፣ ከእርሻና ከቅጠል ላይ ውሃውን እያፈሰች ወደ ሰማይ ታወጣዋለች። ጨውና እድፉን ከታች ትታ፣ ንጹሑን ብቻ ወስዳ፣ በተራራ ራስ ላይ እንዲዘንብ ታደርጋለች። ለዚህ ሁሉ ድካሟም የምትጠይቀን ዋጋ የለም።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ለአንባቢዎቼ የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። ውሃውን ወደ ላይ ማውጣት የፀሐይ ሥራ ነው፤ ሲወርድ ቀስ ብሎ እንዲወርድ ማድረግ ግን የእኛ ሥራ ነው። ፀሐይ ሥራዋን አንድ ቀን እንኳ አላስታጎለችም። እኛ ግን የእኛን ቸል ብለናል፤ ውሃ የተጠማነውም በአብዛኛው ስለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ዑደቱ እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ ላስረዳ። ተማሪዎች በክፍል የተማርነው ነገር ቢሆንም ለፈተና ሸምድደን ከፈተና በኋላ የምንረሳው እንዳይሆን ደግሞ መናገሩ አይጎዳም። በምድራችን ላይ ካለው ውሃ ከመቶ 97 እጁ ያህል ጨዋማ የውቅያኖስ ውሃ ነው። ከቀረውም የሚበዛው በምድር ዋልታዎችና በታላላቅ ተራሮች ላይ በረዶ ሆኖ ተቀምጧል። ለሰው፣ ለከብትና ለአዝመራ የሚደርሰው በወንዝ፣ በሐይቅ፣ በአፈርና በከርሰ ምድር የሚገኘው ጥቂቱ ብቻ ነው። ይህ ጥቂት ውሃ ከጥንት ጀምሮ ፍጥረትን ሁሉ ሲያጠጣ ኖሮ እስከ ዛሬ ያላለቀው በብዛቱ አይደለም፤ በመመላለሱ ነው።

ውሃን ወደ ተን መለወጥ ቀላል ሥራ አይደለም። አንድ ኪሎ ውሃ ከ0 ዲግሪ ተነሥቶ እስኪፈላ ድረስ ከሚወስደው ሙቀት ይልቅ፣ ከፈላ በኋላ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ የሚወስደው ሙቀት ከ5 እጥፍ በላይ ነው። ይህን እናቶቻችን ከማድቤት ያውቁታል፤ ድስቱ ለመፍላት ጥቂት እንጨት ይበቃዋል፣ ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ግን ብዙ እንጨት ይነድዳል። ፀሐይ ደግሞ በዓመት 500 ሺህ ኪሎ ሜትር ኩብ የሚያህል ውሃ ከባሕርና ከየብስ ታነሣለች። ይህን ሁሉ በእንጨት ወይም በነዳጅ እናድርገው ብንል የዓለም ሀብት ሁሉ ቢደመር አይችለውም።

የተነነው ውሃ ቀላል ስለ ሆነ ከነፋስ ጋር ይጓዛል። አየሩ ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም ተኑ በጥቃቅን የአቧራ ቅንጣቶች ላይ እየተጠራቀመ ደመና ይሆናል፤ ጠብታዎቹም ሲከብዱ ይዘንባል። አንድ ጠብታ በሰማይ የሚቆየው በአማካይ ዘጠኝ ወይም ዐሥር ቀን ያህል ብቻ ነው። በክረምት የሀገራችንን ተራሮች የሚያረጥበው ዝናብ ከሕንድ ውቅያኖስና ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ አቅጣጫ በነፋስ ተጭኖ የመጣ፣ በመንገዱም ከጫካና ከረግረግ የተጨመረበት ነው። ተራሮቻችን ነፋሱን ሽቅብ ስለሚያወጡት ሸክሙን በእኛ ላይ ያራግፋል። ኢትዮጵያ የአፍሪካ የውሃ ማማ የተባለችው በዚህ ምክንያት ነው።

የነገሩ ፍሬ ያለው ግን ዝናቡ መሬት ከነካ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ውሃው ሦስት መንገድ አለው። አንዱ ክፍል ከአፈርና ከቅጠል ላይ ተንኖ ወደ ሰማይ ይመለሳል። አንዱ ክፍል በመሬቱ ገጽ ላይ እየሮጠ ጎርፍ ይሆናል። አንዱ ክፍል ደግሞ ወደ አፈሩ ሰርጎ፣ በድንጋይ ስንጥቅ መካከል ቀስ እያለ ወርዶ፣ የከርሰ ምድር ውሃ ይሆናል። ጎርፍ የሆነው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከዓይን ይጠፋል። የሰረገው ግን ለወራት፣ አንዳንዱም ለብዙ ዘመን በምድር ሆድ ይቆያል። በየካቲት ወር፣ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ከቋጥኝ ሥር የሚፈልቀው ምንጭ በሐምሌ ወይም ከዚያ በፊት የዘነበ ዝናብ እንጂ ሌላ አይደለም። ከዝናቡ ስንቱ ይሮጣል፣ ስንቱስ ይሰርጋል የሚለውን የሚወስነው የመሬቱ ሁኔታ ነው። መሬቱ ራቁቱን ከሆነ ጠብታው አፈሩን እየደበደበ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ውሃውም እንደ ቆርቆሮ ላይ ይንሸራተታል። መሬቱ በሣር፣ በቅጠልና በሥር የተያዘ እንደ ሆነ ግን እንደ ስፖንጅ ይመጠዋል።

ይህ ነገር ዛሬ ለእኛ ግልጽ ቢመስልም ሰዎች የተረዱት ብዙ ዘመን ቆይተው ነው። በአውሮጳ ብዙ ሊቃውንት ዝናብ ብቻውን ወንዞችን ሊመግብ አይበቃም፣ ስለዚህ የባሕር ውሃ በምድር ውስጥ በስውር መንገድ እየወጣ ምንጭ ይሆናል ብለው ያምኑ ነበር። በ1674 እ.ኤ.አ. ፒየር ፔሮ የሚባል ፈረንሳዊ ስለ ምንጮች አመጣጥ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ይህ ሰው በቃል ብቻ አልተከራከረም። የሴን ወንዝ በሚነሣበት አገር በዓመት የሚዘንበውን ዝናብና በወንዙ የሚሄደውን ውሃ እያሰላ አነጻጸረ፤ ዝናቡም ከወንዙ ውሃ 6 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። በዚህ ሥራው ዝናብ ለምንጭና ለወንዝ ከበቂ በላይ መሆኑን አስረዳ። እኛም ዛሬ ውሃ ባጠረን ቁጥር «ዝናቡ አይበቃም» ለማለት እንቸኩላለን። ከመፍረድ በፊት መለካት እንደሚገባን ከፔሮ ብንማር መልካም ነው።

አሁን ወደ አካባቢያችን ልመለስ። ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን የሐረማያ ሐይቅን የማያውቅ ወላጅ በመካከላችን የለም። አባቶቻችን በወጣትነታቸው በዳርቻው የተናፈሱበት፣ ዓሣ የበሉበት ሐይቅ ነው። ለከተማችንም 40 ዓመት ያህል የመጠጥ ውሃ ሰጥቷል። ይህ ሐይቅ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ፈጽሞ ደረቀ። ከብት በሐይቁ ወለል ላይ ይሰማራ ጀመር። እኔና የክፍል ጓደኞቼ በዚያን ጊዜ ገና አልተወለድንም፤ የሐይቁን መልክ ያወቅነው ከታላላቆቻችን አፍ ነው።

ሐይቁ ለምን ደረቀ? ብዙ ሰው ዝናብ ስለ ጠፋ ነው ይላል። ዳሩ ግን ዝናብ ከዚህ ምድር ጠፍቶ አያውቅም፤ በዙሪያው ያለው ገበሬ በዚያም ዘመን ማሽላና በቆሎ ያመርት ነበር። የሐይቁ መከራ የመጣው ከብዙ አቅጣጫ ነው። በዙሪያው ያሉት ኮረብታዎች ዛፋቸው ስለ ተመነጠረ በየክረምቱ አፈሩ እየታጠበ የሐይቁን ሆድ በደለል ሞላው፤ ሐይቁም ጥልቀቱ እያነሰ ሲሄድ ለፀሐይ ተጋለጠ፣ ትነቱም በረታ። በሌላ ወገን ለጫት፣ ለድንችና ለሽንኩርት መስኖ ብዙ ሞተሮች ውሃውን ይስቡ ነበር። ከተማችንም እያደገች ስትሄድ የድርሻዋን ትስብ ነበር። እንግዲህ ወደ ሐይቁ የሚሰርገው ቀነሰ፣ ከሐይቁ የሚወጣው በዛ፤ ሒሳቡ አልገጠመም።

ከዚያ በኋላ ሐረር ከድሬዳዋ አካባቢ ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች በረጅም ቧንቧ እየተገፋ የሚመጣ ውሃ ለመጠጣት ተገደደች። አንባቢዎቼ ሆይ፤ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ያህል፣ ሐረር ደግሞ 1850 ሜትር ያህል ከፍ ብለው የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። ውሃው ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት አለበት ማለት ነው። ያ የከርሰ ምድር ውሃ ከየት መጣ ቢባል፣ ብዙው በደጋው ላይ ዘንቦ ቁልቁል የወረደና በሜዳው የሰረገ ነው። ፀሐይ በነፃ አምጥታ በደጃችን ያፈሰሰችውን ውሃ ቁልቁል ለቀቅነው፤ ከዚያም በኤሌክትሪክ ኃይልና በብዙ ገንዘብ መልሰን ሽቅብ ገፋነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ውሃውም ይጠፋል። በየቤቱ የተደረደረው ቢጫ ጀሪካንና ውሃ በተራ እስኪመጣ የሚጠብቁት እናቶች የዚህ ምስክሮች ናቸው።

በችኮላ የሚወርድ ውሃ ከዚህም የባሰ ጉዳት ያመጣል። በሐምሌ ወር ማለቂያ በ1998 ዓ.ም. በደጋው ላይ የዘነበው ከባድ ዝናብ በሌሊት በደቻቱ ወንዝ ወርዶ ድሬዳዋን አጥለቀለቃት። ደቻቱ ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነ ወንዝ ነው። በዚያች ሌሊት ግን ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም ቤት አልባ ሆኑ። ሐይቁ ከደረቀና ይህ ጎርፍ ከደረሰ መካከል ያለው ጊዜ ሁለት ዓመት እንኳ አይሞላም። ይህን ስመለከት ጥምና ጎርፍ የማይተዋወቁ ሁለት መቅሠፍቶች አይመስሉኝም። መያዣ ያጣ አንድ ውሃ ናቸው፤ በበጋ ስንፈልገው የለም፣ በክረምት ሳንፈልገው በአንድ ጊዜ ይመጣል።

በዚህ ላይ የአየሩ ሙቀት መጨመር አለ። ሊቃውንት እንዳስረዱት አየሩ በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ሊሸከም የሚችለው ተን ከመቶ 7 እጅ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ሲዘንብ በኃይል ይዘንባል፤ ሳይዘንብ ሲቀርም የሞቀው አየር የአፈሩን እርጥበት አብዝቶ ይመጣል። ይህ በአብዛኛው ታላላቆቹ የኢንዱስትሪ አገሮች ያመጡት ጣጣ ስለ ሆነ ብንቆጣ እውነት አለን። ነገር ግን ቁጣችን አንድ ጠብታ አያስቀርልንም። ዝናቡ ኃይለኛ እየሆነ በሄደ መጠን መሬታችን ውሃን የሚያሰርግ እንዲሆን ማድረግ ከፊት ይልቅ ያስፈልገናል።

ይህ የማይቻል ነገር አይደለም። የኮንሶ ሕዝብ ከ400 ዓመት በላይ በድንጋይ እርከን ተራራውን ደረጃ በደረጃ እየካበ፣ ጥቂት ዝናብ በሚያገኝ አገር አርሶ ኖሯል። ይህም ሥራ በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል። እነዚያ አባቶች የውሃ ዑደትን በመጽሐፍ አልተማሩም፤ ዳሩ ግን እያንዳንዱ እርከን የሚሮጠውን ውሃ አስቁሞ «እዚህ ስረግ» የሚል ትእዛዝ ነው። የእኛው ሐረማያም ቢሆን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ውሃው ተመልሶ መታየት ጀምሯል። በዙሪያው የተሠራው የእርከንና የችግኝ ሥራ ከደጉ ዝናብ ጋር ተባብሮ ያመጣው ፍሬ ነው። ሐይቁ መመለሱ ታላቅ ደስታ ነው፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ የደረቀ ሐይቅ ሁለተኛ ሊደርቅ እንደሚችል መዘንጋት አይገባንም።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ዛፍ ከተተከለ ነገሩ ሁሉ ያልቃል» ሲሉ እሰማለሁ። በዚህ አልስማማም። ዛፍም ይጠጣል። ባሕር ዛፍ በምንጭ አጠገብ ቢተከል ውሃውን አብዝቶ ይስባል እንጂ ምንጩን አያጎለብትም። ደግሞም በሰኔና በሐምሌ ተሰልፈን የተከልናቸው ችግኞች ስንቶቹ ለጥር እንደሚደርሱ ሁላችንም እናውቃለን። የሚያስፈልገው ለቦታው የሚስማማውን፣ እንደ ወይራና እንደ ጥድ ያለውን የአገር ዛፍ መርጦ መትከል፣ ከመትከልም በፊት እርከኑንና ክትሩን ማበጀት፣ ከተከሉም በኋላ ከፍየል መጠበቅና በበጋ ማጠጣት ነው። ፎቶግራፍ ለመነሣት የተተከለ ችግኝ ውሃ አያሰርግም።

«ተማሪ ምን ማድረግ ይችላል? ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚሉም አሉ። ግድብና ቧንቧ መሥራት የመንግሥት ሥራ መሆኑ እውነት ነው። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ በዚህም ሁላችን ኮርተናል። ነገር ግን ያን ግድብ ከደለል የሚጠብቀው ከላይ በየኮረብታው የሚያርሰው ገበሬና የገበሬው ልጅ ነው። ታላቁ ሥራ በትንንሹ ሥራ ላይ የቆመ ነው።

ስለዚህ የእኛን ትንሽ ሥራ በቁጥር ላሳይ። የአንድ የትምህርት ቤት ሕንፃ የቆርቆሮ ጣሪያ ስፋቱ 500 ሜትር ካሬ ነው እንበል። በዚህ ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ 5000 ሊትር ውሃ ይወርድበታል። ከዚህ 5ኛው እጅ በየምክንያቱ ይጠፋል ብንል 4000 ሊትር፣ ማለትም 200 ጀሪካን ይቀራል። ይህ የአንድ መልካም ዝናብ ስጦታ ነው። በሐረር በዓመት 700 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ስለሚዘንብ፣ ከዚያው ጣሪያ በዓመቱ 14 ሺህ ጀሪካን የሚሞላ ውሃ ይወርዳል ማለት ነው። ዛሬ ይህ ውሃ የት ይሄዳል? ግቢያችንን ጭቃ አድርጎ፣ በአጥሩ ሥር ቦይ ቆፍሮ፣ ከአፈራችን ጋር ወደ መንገዱ ይወጣል። በማግሥቱ ደግሞ መጸዳጃ ቤቱ ውሃ የለውም።

ለክቡራን መምህራንና ለትምህርት ቤታችን ወላጆች ኮሚቴ በትሕትና የማቀርበው አሳብ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በጣሪያችን ላይ አሸንዳ ተገጥሞ ውሃው በሮቶ ይጠራቀም። ይህ ውሃ ለመጸዳጃ ቤት፣ ለወለል ማጠቢያና ለችግኝ ይበቃናል፤ ለመጠጥ ግን ሳይፈላ ወይም ሳይታከም መዋል የለበትም። ሁለተኛ፣ ከሮቶው የሚተርፈው በግቢያችን ዝቅተኛ ቦታ ድንጋይና ጠጠር በተሞላ ጉድጓድ ውስጥ እንዲሰርግ ይደረግ። ሦስተኛ፣ አንድ የዝናብ መለኪያ በግቢያችን ይተከልና ተማሪዎች በየተራ ማለዳ ማለዳ እየለካን በመዝገብ እንጻፍ። ለቆፈራውና ለድንጋይ ማመላለሱ ጉልበት አናጣም፤ እኔም ስሜን በመጀመሪያው መስመር ላይ አስመዘግባለሁ።

ወላጆችንም አንድ ነገር እለምናለሁ። በየቤታችን ያለውን የጣሪያ ውሃ በጎረቤት አጥር ላይ ከመልቀቅ በበርሜል እናጠራቅም። በገጠር ያላችሁ ወላጆችና ዘመዶች ደግሞ ጫት ወይም ድንች በመትከላችሁ በደለኞች ናችሁ ማለቴ አይደለም፤ ብዙዎቻችን ደብተር የገዛነው በዚያ ገንዘብ ነው። ነገር ግን በጉድጓድ ያለው ውሃ እንደ ባንክ ገንዘብ ነው። ያስቀመጥነውን ያህል ብናወጣ አያልቅም፤ ሳናስቀምጥ ብናወጣ ግን ያልቃል። ሞተር የገዛ ሰው በማሳው ራስ ላይ እርከን ይሥራ፤ ከጎረቤቱም ጋር የመሳቢያ ሰዓት ይስማማ። አንዱ ሌሊቱን ሲስብ የሌላው ጉድጓድ ቢነጥፍ ጠብ እንጂ ልማት አይገኝም።

በመጨረሻም ለጓደኞቼ። የውሃ ዑደትን ሥዕል፣ ፀሐይዋን፣ ደመናውንና ቀስቶቹን ሁላችን በደብተራችን ስለን ሙሉ ማርክ አግኝተናል። በዚያ ሥዕል ላይ ሰው የለም። እኔ ግን ሰው በሥዕሉ ውስጥ አለ እላለሁ፤ ቦታውም ዝናቡ መሬት በሚነካበት ላይ ነው፣ በእጁም አካፋ አለ። ክረምቱ ሳይገባ አሸንዳውንና ጉድጓዱን እንጀምር። በሚመጣው ዓመት ይህ መጽሔት ሲታተም እኔ በዚህ ግቢ አልኖርም፤ ከእኔ በኋላ የምትመጡ ተማሪዎች ግን በአንዱ ገጽ ላይ የትምህርት ቤታችንን የዝናብ መዝገብ፣ ከአጠገቡም በሮቶ የተጠራቀመውን ውሃ ልክ አትማችሁ እንዳነብ አድርጉኝ።